አመዳዩን አይቼው ነበር

ይህን የምጽፈው ጎጃም፣ ሮብ ገበያ፣ እናቴ ቤት ሆኜ ነው። ነሐሴ ነው። ጮቄ ተራራ ጉሙን ከተከናነበ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ አይታይም። ትናንት ማታ ምድጃ ዳር ቁጭ ብለን የአክስቴ ልጅ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ሰሜን ካናዳ ውስጥ የማዕድን ካምፕ ሥራ አግኝቶ ቪዛውን እየጠበቀ ነው። «አያ፣ ወደ ካምፑ የሚያመላልሱን በትንሽ አውሮፕላን ነው አሉ። በብርድ ይወድቃል የሚሉት እውነት ነው?» አለኝ። እናቴ እሳቱን እየቆሰቆሰች ቀና ብላ አየችኝ። «እንደ ሚኒባስ ነው፣ ምንም አይልህም» ብዬ ወሬውን አስቀየስኩ።

ዋሸሁት። እናቴ እስከ ዛሬ የምታውቀው ልጇን በረዶ አንሸራቶት ትከሻው እንደተሰበረ ነው። ኢንተርኔት አታነብም፣ እግዜር ይመስገን። ስለዚህ ለሱም፣ እንደሱ ወደ አላስካ፣ ወደ ካናዳ፣ ወደ ሰሜን ኖርዌይ ለሥራ ለምትሄዱም እውነቱን እዚህ ልጻፈው።

አራት ዓመት አላስካ ውስጥ በኤሌክትሪሻንነት ሠርቻለሁ። መቀመጫዬ ቤቴል ነበረች። አዎ፣ ቤቴል። አዲስ አበባ ያለችውን ሰፈር እንዳታስቡ። ይቺኛዋ ኩስኮክዊም ወንዝ ዳር ያለች፣ ከሌላው ዓለም ጋር በመኪና መንገድ የማትገናኝ ከተማ ናት። ዙሪያዋን ብዙ መንደሮች አሉ። ሙቀት ሲሆን በጀልባ ይሄዳሉ፣ ወንዙ ሲረጋ ደግሞ በረዶው ላይ መኪና ይነዱበታል። የቀረው ሁሉ በአውሮፕላን ነው፤ ፖስታው፣ ዳይፐሩ፣ ኮካው፣ የሬሳ ሳጥኑ ሳይቀር። እኔ የየመንደሩን ትምህርት ቤት ማሞቂያና ጄኔሬተር ነበር የምጠግነው። ብዙ ጊዜ የምንሳፈርባት ሴስና 207 ትባላለች። አንድ ሞተር፣ አንድ ፓይለት፣ ከፊት እኛ፣ ከኋላ እቃ። ሚኒባስ ያልኩት እሷን ነው፣ እሱስ ውሸት አልነበረም። የሚጎድላት ረዳት ብቻ ነው።

አባቴ ጥቅምት ላይ አረፈ። ለቀብሩ አልደረስኩም። ለአርባው ግን እመጣለሁ ብዬ ለእናቴ ቃል ገባሁ፣ ትኬት ቆረጥኩ። ከመሄዴ በፊት አንዲት መንደር ሄጄ አንድ ማሞቂያ መጨረስ ነበረብኝ። ሥራው በአንድ ቀን አለቀ። ከዚያ ጉም ወረደና ሦስት ቀን እዚያው ታሰርን። የምንተኛው ትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ ወለል ላይ ነው፣ ፓይለቱም እዚያው። ገና ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ልጅ ነው። በየሰዓቱ እየሄድኩ «ዛሬ እንሄዳለን?» እለዋለሁ። ስለ ተዝካር አስረዳሁት፤ ዘመድ ከየአገሩ እንደሚሰበሰብ፣ ጠላው እንደተጠመቀ፣ የበኩር ልጅ ሳይገኝ መቅረቱ ነውር እንደሆነ ሁሉ ነገርኩት። ጥሩ ልጅ ነበር፣ ከልቡ አዘነልኝ። በኋላ ጉድ የሠራን ያ ማዘኑ ነው።

በአራተኛው ቀን፣ ኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ሰማዩ ጠራ። የመስቀል ሰሞን የጎጃም ሰማይ በሉት። ብርዱ ግን ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ። አውሮፕላኗ ሦስቱንም ሌሊት ደጅ ነው ያደረችው። ማታ ማታ ክንፏ ላይ የሚለበስ ሸራ ነገር አለ፣ የሷ ቤቴል ቀርቷል። ጧት ስናያት ነጭ ሆናለች። ከላይ የተቀመጠውን በረዶ ፓይለቱ በመጥረጊያ ጠረገው፣ እኔም በሌላኛው በኩል አገዝኩት። ከሥር ግን ሌላ ነገር ነበር።

አመዳይ። ይሄን ለጮቄ ሥር ሰው ማስረዳት የለብኝም። ኅዳርና ታኅሣሥ ጧት ማሳው ላይ እያብረቀረቀ የሚያምር፣ ረፋድ ላይ ባቄላውን አጥቁሮ የሚሄደው እሱ ነው። ልጅ ሆኜ ከብት ሳወጣ በባዶ እግሬ ረግጬዋለሁ። ጓንቴን አወለቅኩና ጣቴን ክንፉ ላይ ሳብ አደረግኩት። ሻካራ ነው። አናጢ እንጨት የሚያለሰልስበት የብርጭቆ ወረቀት አለ አይደል? ልክ እሱን። ውፍረቱ ከጥፍር አይበልጥም። መጥረጊያው ምንም አላደረገውም፣ ተጣብቋል። ጣቴ ያለፈበት ቦታ እንኳ መስመር አልወጣለትም።

ፓይለቱም አየው። ሲያየው አየሁት። ሰዓቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ «ቀጭን ነው፣ ስንነሳ ይረግፋል» አለ። «ይሄ ነገር አይረግፍም ወንድሜ» ልለው አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ይሉኝታ ያዘኝ። እሱ ፓይለት፣ እኔ ሽቦ ቀጣይ። ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ እንሂድ እያልኩ ስነዘንዘው የከረምኩት እኔው፣ አሁን በምን አፌ እንቆይ ልበለው? አብረውን የሚሄዱ አንዲት የአገሩ ተወላጅ አሮጊት ነበሩ። እሳቸውም ምንም አላሉም። ገባን።

የአሜሪካ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት ለፓይለቶች የሚያስተምረው አንድ ነገር አለ። ከብርጭቆ ወረቀት የማይወፍር፣ ከሱ የማይሻክር በረዶ የክንፍን የማንሳት ጉልበት 30 በመቶ ሊቀንሰው ይችላል። የአየሩን ወደ ኋላ መጎተት ደግሞ እስከ 40 በመቶ ሊጨምረው ይችላል። ክንፍ የሚያነሳው አየሩ በላዩ ተጠግቶ፣ ለስልሶ ሲፈስ ነው። ሻካራ ከሆነ አየሩ ይበታተንና ይላቀቃል። ክብደቱ አይደለም ችግሩ፣ ሻካራነቱ ነው። እኔ ይሄን ያነበብኩት ሆስፒታል ተኝቼ ነው።

ተንደረደርን። መሬት ለቀቅን። ተንኮሉ ያለው እዚህ ጋ ነው። መሬቱ አጠገብ፣ ከክንፏ ርዝመት በማይበልጥ ከፍታ፣ አውሮፕላን ከሥሯ ያለው አየር እንደ ፍራሽ ይደግፋታል። የታመመው ክንፍ ሳይቀር ይነሳል። የተነሳህ ይመስልሃል። ከፍ ስትል ፍራሹ ያልቃል። የማኮብኮቢያውን ጫፍ አልፈን የቤቱን ጣሪያ ያህል ከፍ እንዳልን አንድ ድምፅ መጣ፣ የተበላሸ ሃርሞኒካ የሚነፋ ሰው ያለ ይመስላል። «ክንፉ አቅም አነሰው» የሚለው ማስጠንቀቂያ ነው። ግራ ክንፏ እንደ ደከመው ሰው ትከሻ ዝቅ አለ። ከዚያ ነጭ ነገር፣ ድምፅ፣ ዝምታ። ሁሉም በጥቂት ሴኮንድ አለቀ።

በረዶ የለበሰ ሜዳ ላይ ስለወደቅን ሦስታችንም ተረፍን። እኔ ቀበቶዬ ላይ ተንጠልጥያለሁ፣ ትከሻዬ ተሰብሯል። ፓይለቱ ግንባሩ ደም ብቻ ነው። ነዳጅ ይሸታል። አሮጊቷ ከኋላ ሆነው ረጋ ባለ ድምፅ «ውጡ» አሉን። ወጣን።

እስካሁን የሚያናድደኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። አሮጊቷ የፀጉር ካፖርት፣ ወፍራም ቦት ጫማ፣ ድርብ ጓንት አድርገዋል፤ ቤታቸው እንዳሉ ናቸው። እኔ የለበስኩት ለትልቁ ከተማ ለአንኮሬጅ ኤርፖርት ነው፤ ጂንስ፣ ስኒከር፣ ስስ ጃኬት። ወፍራሙ ካፖርቴ ሻንጣ ውስጥ፣ ሻንጣው ከእቃው ሥር፣ እቃው ከተጣመመው በር ጀርባ። የአላስካ ሕግ አውሮፕላን ምን መያዝ እንዳለባት ያኔ ይዘረዝር ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው የአንድ ሳምንት ስንቅ፣ መጥረቢያ፣ የመጀመሪያ እርዳታ መስጫ፣ ቢላ፣ እሳት ማስነሻ፣ የዓሣ ማጥመጃ፣ የትንኝ መከላከያ ሳይቀር። በብርዱ ወራት ደግሞ በረዶ ላይ መራመጃ ጫማና የመኝታ ከረጢት ይጨመርበት ነበር። ሁሉም ነበረን። ሁሉም ከኋላ ተቆልፎበት ነበር።

መንደሩ ቅርብ ነው፣ ስንወድቅም አይተውናል። ግን በመሀል ወንዝ አለ፣ አዲስ የረጋው በረዶ ገና አልጠነከረም። በበረዶ ሞተራቸው ዞረው እስኪደርሱ 40 ደቂቃ ፈጀ። አሮጊቷ ጓንታቸውን አውልቀው ለኔ ሰጡኝ፣ እጃቸውን ካፖርታቸው ውስጥ ከተቱ። አልቀበልም ማለት ነበረብኝ። ቆፈን የያዘው ሰው ግን ይሉኝታ የለውም፣ ተቀበልኳቸው። የግራ እግሬ ሁለት ጣቶች ዛሬም አይሰሙኝም።

ተዝካሩ ያለ እኔ ተበላ።

አደጋውን የሚያጣራው ሰው ሆስፒታል መጣ። ምን ተሰበረ ብሎ ይጠይቀኛል ስል ስለ ሌሊቱ ጠየቀኝ። የት አደረች? ማን ጠረጋት? ፓይለቱ ስንት ሰዓት ተኛ? እቃው ስንት ኪሎ ነው? መጨረሻ ላይ ቀስ ብሎ «እንዲቸኩል የሚያደርገው ነገር ነበር?» አለኝ። ዝም አልኩ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት።

ከዚያ ወዲህ ስለ ትንሽ አውሮፕላን ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፣ ሜካኒኮቹን አስቸግራለሁ። የገረመኝ ነገር፣ ብርዱ ራሱ ጠላት አለመሆኑ ነው። ቀዝቃዛ አየር ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ክንፍም ሞተርም ይወደዋል። ከባሕር ወለል 2334 ሜትር ላይ ካለው ቦሌ የምትነሳ አውሮፕላን ቀጭን አየር ነው የምትቀዝፈው፣ ረጅም መንደርደሪያ ትፈልጋለች። ቤቴል ግን ከባሕር ወለል ብዙም አትርቅም። በብርድ ቀን አውሮፕላኗ ዘላ ነው የምትነሳ። ታዲያ ሰው ይሄን ሲያውቅ ምን ያደርጋል? ይጭናል።

ጭነቱን ለአጎቴ ሳወራለት ሳቀብኝ። «በቅሎ እንኳ ሲበዛባት ትተኛለች። ያ ግን ብረት ነው፣ በምኑ ይንገርህ?» አለ። እውነቱን ነው። ክብደቱን ሲጠይቁት ሰው ይዋሻል። እኔ ራሴ የመሣሪያ ሳጥኔን 12 ኪሎ ነው ስል ኖሬያለሁ፤ 20 ነበር። በብርድ አገር ደግሞ ልብሱ ብቻ ስንት ኪሎ ነው። እኤአ የካቲት 6 ቀን 2025 ሴስና ካራቫን የምትባል አንዲት ትንሽ አውሮፕላን እዚያው አላስካ ውስጥ ከኡናላክሊት ወደ ኖም ስትበር ጠፍታ፣ በማግስቱ የባሕር በረዶ ላይ ተሰባብራ ተገኘች። አሥሩም ሰዎች አልቀዋል። የመጀመሪያው የምርመራ ሪፖርት እንደሚለው፣ በረዶ ሊይዛት በሚችል አየር ውስጥ ለመብረር ከሚፈቀድላት ክብደት ወደ 1000 ፓውንድ ያህል ትበልጥ ነበር። በኛ አራት ኩንታል ተኩል ጤፍ በሉት። ሰማይ ላይ እያለች ክንፏ በረዶ ሲይዝ ደግሞ ትከብዳለች፣ የማንሳት አቅሟም አብሮ ይቀንሳል። በሁለት በኩል ነው የምትበላው።

ሌላው ነጩ ነገር ነው። ፓይለቶች ከምንም በላይ ሲፈሩት ያየሁት ይሄን ነው። መሬቱ በረዶ፣ ሰማዩ ደመና፣ ዛፍ የለ፣ ጥላ የለ። ፊትህ ላይ ነጭ ነጠላ የተጣለብህ ያህል ነው። መሬቱ ከሥርህ አሥር ሜትር ይሁን መቶ ሜትር አታውቅም። አንድ ቀን ከፊት ወንበር ተቀምጬ እንዲህ ያለ ብርሃን ውስጥ ገባን። ፓይለቷ በዕድሜ ጠና ያለች ሴት ነበረች። አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ቀስ ብላ ዞረች፣ ወደ መጣንበት ተመለሰች። ስንወርድ «ዛሬ ገንዘብ አልሠራንም» ብላ ሳቀች። ያኔ ተነጫንጬ ነበር። አሁን ባገኛት ጫማዋን እስማለሁ።

በዓይን ለመብረር የወጣ ፓይለት ደመና ውስጥ ሲገባ የሚሆነው የባሰ ነው። ጆሮህ ውስጥ ያለው ሚዛን ይዋሽሃል። ቀጥ ብዬ እየሄድኩ ነው ስትል ተጠማዝዘህ ወደ ታች ነው የምትወርደው። እኤአ በ1954 የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በመሣሪያ ብቻ የመብረር ልምድ የሌላቸውን 20 ፓይለቶች ሞክሮ ነበር። ሁሉም መቆጣጠር አቃታቸው። በአማካይ የፈጀባቸው 178 ሴኮንድ ነው፣ ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ቡና እስኪፈላ እንኳ አይደርስም።

ይሄ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስላችሁ። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. የአሜሪካው የምክር ቤት አባል ሚኪ ሌላንድ የተሳፈሩባት ትዊን ኦተር የምትባል ትንሽ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ወደ ፉኝዶ የስደተኞች ጣቢያ ስትሄድ በመጥፎ አየር ተራራ ላይ ተላትማለች። 16ቱም አልቀዋል። ለማግኘት ስድስት ቀን ፈጀ። የብርድ አገር አይደለም፤ ደመናና ተራራ ካለ የበረዶ አገር መሆን አያስፈልግም። የኛ ሰፈር ሽማግሌዎች አውሮፕላን ሲባል የሚያነሱት ሌላ ነው፤ በዚያው ዓመት መስከረም 5 ከባሕር ዳር ሲነሳ እርግቦች ሞተሩ ውስጥ ገብተውበት የወደቀውንና 35 ሰው ያለቀበትን። ያ ትልቅ ጄት ነው፣ ጉዳዩም ሌላ። ግን ጎጃም ላይ ስለ አውሮፕላን አውርቶ እሱን ሳያነሱ መነሳት አይቻልም።

ሁለት ነገር ቶሎ ልበልና ወደ ልጁ ልመለስ። ካርቡሬተር (ነዳጅን ከአየር የሚቀላቅል ዕቃ) ያለው ሞተር ውስጡ በረዶ ሊሠራ ይችላል፣ ለዚያውም ውጭው ሞቅ ብሎ እያለ። በተለይ ከ21 ዲግሪ በታች፣ አየሩ እርጥብ ከሆነ። የዛሬው የሮብ ገበያ አየር በደንብ ይበቃዋል። ሁለተኛ፣ ከባድ ብርድ ውስጥ የከፍታ መለኪያው ካለህበት በላይ ነው የሚነግርህ። ተራራውን አልፌዋለሁ ስትል ተራራው ገና ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ የአክስቴ ልጅ፣ ስማኝ። ለምትሄድበት ከተማ አትልበስ፣ መሀል ላይ ላለው ሜዳ ልበስ። ኮፍያህ፣ ጓንትህ፣ ክብሪትህ ኪስህ ውስጥ ይሁኑ፣ ሻንጣ ውስጥ ያለ ካፖርት የለህም ማለት ነው። ስስ ሱሪ ከሥር ሳትደርብ አትውጣ። ስትገባ በሩ እንዴት እንደሚከፈት አንዴ በእጅህ ሞክረው። የትከሻ ቀበቶውን እሰር፣ የወገቡ ብቻ አይበቃም። የአደጋ ምልክት የምታስተላልፈው መሣሪያ 406 ሜጋኸርዝ መሆኗን ጠይቅ። በድሮው 121.5 የሚላከውን ሳተላይቶች መስማት ያቆሙት እኤአ የካቲት 1 ቀን 2009 ነው። ሲጠይቁህ ክብደትህን እንዳለ ተናገር፣ የሳጥንህንም። ከወደቃችሁ ከአውሮፕላኑ አትራቅ። ነዳጁ እስኪተን ትንሽ ፈቀቅ ማለት ሌላ ነገር ነው። ከላይ የሚፈልግህ የሚያየው አውሮፕላኑን ነው፣ አንተን አይደለም።

እነዚህን ሁሉ ማንም ይነግርህ ነበር። እኔ የምጨምርልህ አንድ አረፍተ ነገር ነው፣ ከመሄድህ በፊት በእንግሊዝኛ ተለማመደው፦ «እኔ አልቸኩልም፣ ካልተመቸህ ነገ እንሂድ።» ፓይለቱን ገና ስታገኘው በለው፤ አየሩ ሳይበላሽ፣ ሁለታችሁም ሳትደክሙ። እዚያ ያሉ ፓይለቶች ብዙዎቹ ወጣት ናቸው፣ እንዳንተው እንጀራ ፍለጋ የመጡ። ጀርባቸው ላይ አለቃ አለ፣ ፖስታ አለ፣ ቀጠሮ ያለበት በሽተኛ አለ። አንተ ደግሞ ተዝካርህን አትጨምርበት። ክንፉ ላይ ነጭ ነገር ካየህ «ምንድን ነው?» በል። ሞኝ ትመስላለህ። ምሰል። ካልጣመህ ቅር። እኛ ጎጃሜዎች ደግሞ ሰው ፊት እንቢ ማለት እንዴት እንደሚከብደን ታውቃለህ። በልተን ጠግበን እንኳ «በሞቴ» ሲሉን እንጎርሳለን።

ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ ስመጣ ጎሃ ጽዮን ላይ ጉሙ ድፍን አለ። ሚኒባሱ ከልክ በላይ ጭኗል፣ አንድ የፊት መብራቱ አይሠራም፣ ሊመሽ ነው፣ ሹፌሩ ደግሞ ዓባይን ወርዶ ደጀን ላይ እራት ለመብላት ቆርጧል። «ጉሙ እስኪገፈፍ ብንቆይስ?» አልኩ። ዝም አሉ። ከኋላ አንዲት እናት «ልጄ፣ በማርያም አትዘግየን፣ ልቅሶ አለብኝ» አሉኝ። ልቅሶ ሲሉኝ የማደርገው ጠፋኝ። ረዳቱ «አሜሪካ ፈሪ ነው እንዴ የሚያደርገው?» አለና ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሻንጣዬን አስወረድኩና ጎሃ ጽዮን አልጋ ያዝኩ።

ሚኒባሱ በሰላም ገብቷል። ሌሊቱን እንቅልፍ አጥቼ ስለነበር ጧት ለረዳቱ ደውዬ ጠየቅኩት። «ድሮስ?» አለኝ። እኔ በማግስቱ ረፋድ ላይ ደጀን፣ ከሰዓት ደብረ ማርቆስ፣ ማታ ሮብ ገበያ ገባሁ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች።

«ምነው ልጄ፣ ምን አስቆየህ?» አለችኝ።

«ጉም» አልኳት።